የባትሪው ክዳን ድምፅ

ቦርሳዬ ውስጥ አንዲት መሣሪያ አለች። መጠኗ የጸሎት መጽሐፍ ያህላል። ስድስት የብሬል ቁልፎች አሏት፤ ስጽፍባት ጎረቤቴ እንኳ አይሰማኝም። ጎኗ ላይ ያለውን ቁልፍ ስጫን ደግሞ ድምፅ ትቀዳለች። ስትጀምርም ስታቆምም ጣቴ ሥር ትንሽ ትነዝራለች እንጂ ሌላ ሰው የሚያውቀው ነገር የለም። ስለዚህ ሐኪም ጋ ስገባም፣ ስብሰባ ስቀመጥም፣ አስቀድሜ "እየቀዳሁ ነው" እላለሁ። ስጨርስም "አቁሜያለሁ" እላለሁ። ሰዎች ይስቁብኛል። የእህቴ ልጅ "አክስቴ፣ እንደ ሬዲዮ ጣቢያ ማስታወቂያ መናገር አይሰለችሽም?" ትለኛለች። አይሰለቸኝም። ይህን ልማድ ያስያዘኝ ሰው አሁን በሕይወት የለም። ቢኖር ኖሮ ከዚህ በታች የምጽፈውን ለማንም ሳይሆን ለእሱ ነበር የምነግረው።

ድሬዳዋ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። ዓይኔን በአምስት ዓመቴ ኩፍኝ ወሰደው። እስከ ስምንተኛ ክፍል ሌላ ከተማ በነበረ የዓይነ ስውራን አዳሪ ትምህርት ቤት ተማርኩና ለሁለተኛ ደረጃ ወደ እናቴ ቤት ተመለስኩ። በገባሁበት ትምህርት ቤት የማያይ ተማሪ እኔ ብቻ ነበርኩ። ሰው ሁሉ "አይዞሽ" ይለኛል። ደብተር ሲያድሉ አይዞሽ፣ ደረጃ ስወጣ አይዞሽ፣ ዝም ብዬ ጥላ ሥር ስቀመጥም አይዞሽ። ያን ጊዜ ቁጡ ነበርኩ፤ አሁንም ብዙ አልበረድኩም። የፈራሁት ነገር ሳይኖር አይዞሽ ሲሉኝ ደሜ ይፈላ ነበር።

መጀመሪያ ማስታወሻ የምይዘው በብሬል ሰሌዳና በመውጊያ ነበር። ወፍራም ወረቀት ሰሌዳው መሐል አስገብቶ ነጥብ በነጥብ መውጋት ነው። የብረቱ ድምፅ ግን ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ ጠብ ጠብ እያለ ያስቸግራል። የሒሳብ አስተማሪያችን አንድ ቀን ቆም ብሎ እዚህ ክፍል ውስጥ ሚስማር የሚመታ አናጺ ማነው ብሎ ክፍሉን አሳቀብኝ። ወረቀቱም አይገኝም፤ የአሮጌ ካሌንደር ጀርባ ነበር የምወጋው። እሱም ሲያልቅ እናቴ ባቡር ላይ ለሚሠራው ወንድሟ ነገረችው፤ አጎቴም በሚቀጥለው ጉዞው ከጅቡቲ ትንሽ ቴፕ መቅረጫ ይዞልኝ መጣ። የጉምሩክ ፊናንሶቹን እንዴት እንዳለፈ ጠይቄው፣ የማያገባሽን አትጠይቂ ብሎኛል።

ያ ቴፕ በጭን ላይ የሚቀመጥ፣ ጠፍጣፋ፣ ከፊቱ አምስት ቁልፍ የተደረደረበት ነበር። ለመቅዳት ሁለቱን ቁልፎች አንድ ላይ መጫን ነው። ለማቆም ዳር ያለውን መጫን ነው፤ ያኔ ቀጭ ብሎ ይጮኻል። ክፍሉ በሙሉ ይሰማዋል። አራት የባትሪ ድንጋይ ይበላል፤ ድንጋይ ደግሞ ያን ጊዜ እንደ ልብ የሚገኝ ነገር አልነበረም። ሲደክም የቤታችን ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ አስመታዋለሁ። የድሬ ፀሐይ ለማንም ባትራራም ለድንጋዩ ትንሽ ነፍስ ትዘራበት ነበር። ድንጋዩ የደከመ እንደሆነ ካሴቱ ቀስ ብሎ ነው የሚዞረው። በደካማ ድንጋይ የቀዳሁትን በደህና ድንጋይ ሳሰማው የሰው ድምፅ እንደ ጫጩት ይንጫጫብኝ ነበር። ይህን ጠንቅቄ አውቅ ነበር። አላውቅም ነበር ብዬ የማመልጥበት መንገድ የለኝም።

ቴፑን ይዤ ክፍል ስገባ አስተማሪዎቹ አንድ በአንድ እምቢ አሉኝ። አንዱ ሐሳቤን ይበትነዋል አለ፣ አንዱ ደንቡ አይፈቅድም አለ። ደርግ ነው ዘመኑ፤ ድምፁን ሣጥን ውስጥ ትቶ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው ከየት ይመጣል። እናቴም ነገሩ ገብቷት ስለነበር እሺ የሚል ባይኖር አትፍረጂባቸው፣ የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ትለኝ ነበር። እሺ ያለኝ የጂኦግራፊ አስተማሪያችን ብቻ ነው። ከደጋ የመጣ፣ ሳቢያን ሰፈር ቤት ተከራይቶ ብቻውን የሚኖር፣ ሠላሳዎቹን ያጋመሰ ሰው ነበር። አይዞሽ አላለኝም። ይልቅስ እንደ ነጋዴ ተደራደረኝ።

"እኔ ትምህርት ሳስተምር ቅጂ። ጠመኔውን ሰሌዳው ላይ ሁለት ጊዜ መታ መታ ሳደርግ ግን አቁሚው። መቆሙን ካልሰማሁ አልናገርም።"

እሺ አልኩት። ከዚያ በኋላ እንዲሁ ሆነ። ስለ ወንዝና ስለ ተራራ ሲያስተምር ይቆይና ከመጽሐፉ የወጣ ነገር ሲመጣበት ጠመኔውን ሁለት ጊዜ ይመታል። እኔ ቁልፉን እጫናለሁ፣ ቀጭ ይላል፣ እሱ ይናገራል። የሚናገረው ሁልጊዜ ፖለቲካ አልነበረም። ልጅ ሆኖ ወንዝ ሊወስደው ስለነበረበት ቀን ይናገራል፣ ስለ አገሩ ሰው ይቀልዳል፣ አንዳንዴም በዚያ ዘመን ክፍል ውስጥ የማይባል ነገር ይላል። ተማሪው እስክሪብቶውን አስቀምጦ ያዳምጠዋል። ሲጨርስ ጠመኔውን አንድ ጊዜ ይመታል፤ ያኔ መልሼ እቀዳለሁ።

ይህ ውል ለአንድ ወር ያህል ተከበረ። ከዚያ ተናደድኩ። የተናደድኩት በእሱ አልነበረም፤ በነገሩ ነው። ማስታወሻ የሚጽፍ ልጅ የፈለገውን ይጽፋል፣ ያልፈለገውን ይተዋል፣ የመምህሩንም ፊት ይዞ ይሄዳል። እኔ ቤቴ የምወስደው የዝናብ መጠንና የአፈር ዓይነት ብቻ ነበር። ከሰውየው የምወደው ክፍል ጠመኔው ሁለት ጊዜ ከተመታ በኋላ ያለው ነው፤ እሱን ግን በገዛ ጣቴ እዘጋለሁ። አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ድምፁን ወድጄው ነበር፤ ፍቅር ነው የሚል ካለም ዛሬ አልከራከረውም። ከሰዓት በኋላ ሰው ሁሉ በሙቀቱ ሲተኛ ብቻዬን ቁጭ ብዬ እሱን መስማት ፈለግሁ።

የቴፑ የባትሪ ክዳን ከጀርባው በኩል ነው። ምላሱን በአውራ ጣቴ ጫን አድርጌ ስለቀው ልክ እንደ ማቆሚያው ቁልፍ ቀጭ ይላል። ይህን ያገኘሁት ቤት ውስጥ ስነካካ ነው፤ ሳገኘውም ለብቻዬ ሳቅሁ። በማግስቱ ጠመኔው ሁለት ጊዜ ሲመታ ክዳኑን ቀጭ አደረግሁት። ካሴቱ መዞሩን ቀጠለ። እሱም መቆሙን የሰማ መስሎት ተናገረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማቆሚያውን ለእሱ ተጭኜለት አላውቅም። በጆሮ የምኖረው እኔ ነኝ፤ በጆሮው ያመነኝን ሰው ያታለልኩትም እኔ ነኝ። ያን ጊዜ ግን ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

አሁን ስለ ጓደኛዬ ልናገር። አጠገቤ የምትቀመጥ የመጋላ ሰፈር ልጅ ነበረች፤ አባቷ እዚያው መጋላ ሱቅ አለው። ከእሷ ጋር የራሳችን ልማድ ነበረን። እሷ መጽሐፍ ታነብልኛለች፣ እኔ ካሴት አውሳታለሁ፤ ክፍል ውስጥ መጻፍ ስለሚሰለቻት ፈተና ሲደርስ የምታጠናው ከእኔ ካሴት ነበር። እኔም ለእሷ የምሰጠውንና የማልሰጠውን እለያለሁ። የመምህሩ የግል ወሬ ያለባቸውን ካሴቶች ጠርዛቸውን በምላጭ ጭሬ ለብቻ አስቀምጣቸው ነበር።

የድርቁ ዓመት ነው። በጥቅምት ይመስለኛል፣ ስለ ዝናብ አስተማረን። ደመና ከየት ተነሥቶ የት እንደሚዘንብ፣ ሰሜኑን ለምን እንደሚዘለው፣ ሁሉንም በደንብ አስረዳ። ከዚያ ጠመኔው ሁለት ጊዜ ተመታ፣ የእኔም ክዳን ቀጭ አለ። መጀመሪያ በለሆሳስ ነበር የተናገረው። ድርቅ የማንም ጥፋት አይደለም፣ ሰማይን የሚያዝ መንግሥት የለም፣ ከደመወዛቸው እየቆረጡ፣ ሌሊቱን እህል ሲጭኑ እያደሩ የሚረዱ ሰዎች አሉ፣ እኔም ዛሬ ምሳዬን በልቼ ነው የመጣሁት፣ ማንንም ለመውቀስ አፍ የለኝም አለ። ቀጥሎ ድምፁ ተለወጠ። ዝናቡ የቀረው በሰማይ ነው፤ ለአብዮቱ በዓል የተጫነው መጠጥ ግን በዓይናችን ሥር በባቡር አለፈ፤ ቀድሞ መጫን የነበረበት እህል ነው፤ ይህን የጂኦግራፊ መጽሐፍ አይጽፈውም አለ። ጠመኔው አንድ ጊዜ ተመታ። ወደ ንፋስ አቅጣጫ ተመለስን።

በጥር ፈተና ደረሰ። ጓደኛዬ ደጃፋችን ላይ ቆማ የዝናቡን ካሴት ጠየቀችኝ። ያ ትምህርት በጠርዙ የተጫረው ካሴት ላይ ነው። የለኝም ማለት እችል ነበር። ግን ግማሽ መጽሐፍ አንብባልኛለች፤ ደግሞ የለኝም ብላት ለምን እንደሌለኝ ትጠይቀኛለች።

"አቦ፣ ፈተና ደርሶ የምን መሽኮርመም ነው፣ ስጪኝ እንጂ። ወላሂ ነገ እመልስልሻለሁ።"

ቆይ አልኳትና ወደ ውስጥ ገባሁ። ወሬውን አጥፍቼ ልሰጣት ነው ሐሳቤ። ለማጥፋት በላዩ ላይ ዝምታ መቅዳት ነው፤ ማይክሮፎኑን በመዳፌ ሸፍኜ ሁለቱን ቁልፎች እጫናለሁ። ርዝመቱን አውቀዋለሁ። እናቴ እንቁላል ስትቀቅል የምትለካው በአቡነ ዘበሰማያት ነው፤ እኔም ካሴቴን የምለካው እንደ እሷ ነበር። ያ ወሬ ስሰማው ስሰማው አራት አቡነ ዘበሰማያት መሆኑን ለይቻለሁ። ለጥንቃቄ ብዬ ወሬው ከሚጀምርበት አንሥቼ አምስት ደገምኩ፤ ስጨርስ አቆምኩ። ድንጋዩ ከሳምንት በላይ ፀሐይ ሲመታ የከረመ ደካማ ነበር። ካሴቱ እየተንፏቀቀ ነው የዞረው፤ አምስቱ ጸሎት ሦስቱን ያህል እንኳ መሸፈኑን እንጃ። መልሼ ሰምቼ ባረጋግጥ ይበቃ ነበር፤ ግን ድንጋዩ ለነገ ክፍል እንዲቆይልኝ ፈለግሁ፤ ልጅቷም ደጅ ቆማ በእግሯ መሬቱን ትመታለች። ወጥቼ ሰጠኋት።

ቤታቸው ያለው ቴፕ የአባቷ ነው፣ የሚቀመጠውም ሱቁ ውስጥ ነው። ከሰዓት በኋላ ጫታቸውን ይዘው ሱቁ ጥላ ሥር አረፍ የሚሉ ደንበኞች አሉ። እሷ ደብተሯን ይዛ ከባንኮኒው ጀርባ ተቀመጠችና ካሴቱን ከፈተችው። ደመናው፣ ተራራው፣ ንፋሱ ተሰማ፤ ቀጥሎ ረዘም ያለ ዝምታ መጣ። እሷ አለቀ ብላ ለማጥፋት ስትነሣ የመምህሩ ድምፅ ከመሐል ቀጠለ፤ መጠጡ፣ ባቡሩ፣ እህሉ። ከደንበኞቹ አንዱ የቀበሌ ሰው ነበር። ተነሥቶ መልሰሽ አሰሚኝ አላት፣ ከዚያም ካሴቱን ተቀብሏት ሄደ። እያለቀሰች መጥታ ይህን ስትነግረኝ መጀመሪያ የገባኝ ነገር የትኛውን እንዳጠፋሁ ነው። ማንንም ለመውቀስ አፍ የለኝም ያለውን አጥፍቻለሁ። ለእሱ ጠበቃ የሚሆንለትን ቆርጬ የሚያስከስሰውን ትቼላቸዋለሁ።

በሦስተኛው ቀን ዲሬክተሩ ቢሮ ተጠራሁ። መምህሩ ቀድሞኝ ቆሟል፤ ክፍል ውስጥ በለመድኩት ሳሉ አወቅሁት። ሁለት የማላውቃቸው ሰዎች ነበሩ። ካሴቱን አሰሙን። ከዚያ አንደኛው ቴፑ እንደሚቀዳ ታውቅ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀው። አያውቅም፣ አቁሚ ብሎኝ እኔ ነኝ ያታለልኩት ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር። እሱ ቀደመኝ።

"አውቃለሁ። እንድትቀዳ የፈቀድኩት እኔ ነኝ። ልጅቷ የተባለችውን ነው ያደረገችው።"

ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ያቺ ዝምታ ግን ነቅዛብኛለች። ከዚያ ወደ ኮሪደሩ አንድ ላይ አስወጡንና ሰዎቹ ከዲሬክተሩ ጋር የሚፈራረሙት ነገር ስለነበራቸው ለአፍታ ብቻችንን ቆምን። ዝቅ ባለ ድምፅ "የማቆሚያውን ድምፅ ሰምቼ ነበር እኮ። አላቆመም እንዴ?" አለኝ። የተናደደ ሰው አነጋገር አልነበረም። የገዛ ጆሮውን የተጠራጠረ ሰው አነጋገር ነበር። እውነቱን ለመናገር ከዚያ የተሻለ ጊዜ አይገኝም ነበር፤ የምናገረውም ለእሱ ብቻ ነበር።

"ማቆሚያው ተበላሽቷል፣ ቲቸር" አልኩት። "ይጮኻል እንጂ አያቆምም።"

እንግዲህ ዕቃ ነው፣ አንቺ ምን ታደርጊ ብሎ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። ከዚያ ወሰዱት። ቴፑንም አብረው ወሰዱት።

አምስት ወር ታሰረ። በእነዚያ ወራት አንድ ዓረፍተ ነገር በልቤ ይዤ ስለማመድ ነበር። ቲቸር፣ ዕቃው አልተበላሸም፣ የባትሪውን ክዳን ነው ያጮኽኩት። እንዲህ አጭር ነው። ጠዋት ስነሣ እለዋለሁ፣ ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ እርምጃዬን እየቆጠርኩ እለዋለሁ። ሲፈታ ሳቢያን ድረስ ሄጄ ደጁ ላይ እነግረዋለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ። ለእናቴ አልነገርኳትም፤ ሆድ ይፍጀው አልኩ። ጓደኛዬ በበኩሏ ካሴቱን ሱቅ ውስጥ የከፈትኩት እኔ ነኝ እያለች ራሷን ትወቅሳለች። እኔም አንቺ ምን አጠፋሽ እላታለሁ እንጂ የጥፋቱን ባለቤት አልነግራትም።

ሰኔ ላይ እሱ ራሱ መጣ። እናቴ በሩን ከፍታ ስሙን ስትጠራ ክፉኛ ደነገጥኩ። ድምፁ ቀጥኗል፤ ሳሉም በዝቷል። ማስተማር ተከልክሏል፤ በሳምንቱ ወደ አዲስ አበባ ሊሳፈር ነው። ቆሞ ነው ያወራው፣ ተቀመጥ ብትለውም አልተቀመጠም። እናቴ ውሃ ልታመጣለት ገባች። እሱ ጭኔ ላይ አንድ ነገር አስቀመጠ፤ በእጄ ስዳስሰው ቴፔ ነው።

"ሲፈቱኝ ይህን አብረው ሰጡኝ። ተበላሽቷል ስላልሽኝ መጋላ ያለ ሠሪ ጋ ወስጄው ነበር። ፈታትቶ አየው። ማቆሚያው ምንም አልሆነም አለኝ። ከአጠቃቀም ብዛት የተበላው የባትሪው ክዳን ምላስ ብቻ ነው። እሱን አስቀይሬልሻለሁ።"

ሊሄድ አልተንቀሳቀሰም። ጫማው ሲሚንቶው ላይ እንደቆመ ነው፤ ትንፋሹ ይሰማኛል። ሊወቅሰኝ ቢፈልግ ኖሮ ጊዜ ነበረው፤ አልወቀሰኝም። እኔ እንድናገር ነበር የቆመው። አምስት ወር የተለማመድኩት ዓረፍተ ነገር ምላሴ ላይ ነበር። የሚያስፈራኝ ሰው ቤቱ ውስጥ አልነበረም። ያፈርኩት ከእሱ ብቻ ነበር፤ እሱ ግን ሁሉንም ቀድሞ አውቆ ነው የመጣው።

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ቲቸር" አልኩት።

"አብሮ ይስጠን" አለኝ።

እናቴ ውሃውን አመጣችለት። ጠጣ፣ አመሰገናት፣ ሄደ። ከዚያ በኋላ ድምፁን አልሰማሁም፤ አዲስ አበባ መሞቱን የነገሩኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። እናቴ በሩን ዘግታ ስትመለስ አጠገቤ ተቀመጠችና ቴፑን አነሣችው፤ እንዲህ ያለ ደግ ሰው ታስሮ ይህ የተረገመ ዕቃ ዳነ አለች። እኔም አዎ፣ ጥፋቱ የዕቃው ነው አልኳት።